ከልጆች ምንጣፍ የተሠራ የጀግና ጥሩር፦ ከልኬት እስከ አለባበስ

የእህቴ ልጅ 11 ዓመት ሊሞላው ሲል «አጎቴ፣ ጥሩር ሥራልኝ፤ ግን የምሮጥበት ይሁን» አለኝ። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነበር። ሁለት ቅዳሜ ደክሜ ከካርቶንና ከሙቅ ኮላ የሚያብረቀርቅ ነገር ሠራሁለት። ለፎቶ ሲቆም አማረበት፤ አያቱም እልል አሉ። ከዚያ ኳስ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል የደረቱ የታች ጫፍ ጭኑ ላይ ተደግፎ ወደ ላይ ተገፋና አገጩን መታው። የግራ ትከሻው ደግሞ ሙቅ ኮላው በእኩለ ቀን ፀሐይ ለስልሶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወለቀ። ልጁ አላለቀሰም፤ አውልቆ አጥር ሥር አስቀመጠውና በቁምጣው ጨዋታውን ቀጠለ።

ሳኦል የራስ ቁሩንና ጥሩሩን ለዳዊት ሲያለብሰው ብላቴናው ለመራመድ ሞክሮ «አልለመድሁም» ብሎ አወለቀው። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሬ ስሰማው ኖሬ በቅጡ የገባኝ ያን ቀን ነው። ሁለተኛውን ጥሩር የሠራሁት እንደ ብረት ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ልብስ ሰፊ እያሰብኩ ነው፦ መጀመሪያ ልክ፣ ቀጥሎ መታጠፊያ፣ ውበት በመጨረሻ። አምስት ቅዳሜ ወሰደብኝ። ልጁ ግን ለብሶት ዛፍ ወጥቶበታል፤ ያላፈቀድኩለትን።

ምን ዓይነት ጀግና?

ፎም ከመግዛታችሁ በፊት ሥዕል ይኑራችሁ። በፊልም የታወቀ ጀግናን መከተል ይቻላል፤ ጥቅሙ ከየአቅጣጫው የተነሳ ፎቶ ማግኘታችሁ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ብዙዎቹ የፊልም ጥሩሮች ሰው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ የማይታጠፉ መሆናቸው ነው፤ ፊልሙ ላይ ሲሮጥ የምታዩት ብዙውን ጊዜ በኮምፒውተር የተሳለ ነው። የኛ ልጅ የራሱን ጀግና ፈጠረ፤ እኔም ደስ አለኝ። ደረቱ ላይ የአያቶቻችን ጋሻ እንዲሆን ፈለገ። ጋሻችን ክብ ነው፤ ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ ይሠራል፤ መሃሉ ወደ ውጭ ያብጣል፤ የመኳንንቱ ደግሞ ከፈይ ለብሶ በብር ጌጥ ይሸለማል። ትከሻው ላይ እንደ ለምድ የሚወርድ ነገር ተጨመረ፤ የአንበሳ ጎፈር እንዲመስል።

ሥዕሉን ከአየር ላይ አትጀምሩት። ለባሹን ቀጥ ብሎ እንዲቆም አድርጋችሁ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ፎቶ አንሱት፤ ፎቶውን አትማችሁ ጥሩሩን በላዩ ላይ ሳሉ። ከጎን ያለውን ሰው ሁሉ ይዘለዋል፤ ደረቱ ምን ያህል ወደ ፊት እንደሚወጣና ጀርባው የት እንደሚያልቅ የሚታየው ግን እሱ ላይ ብቻ ነው።

ዕቃው

ዋናው ዕቃ ኢቪኤ ፎም ይባላል። ስሙ እንግዳ ቢመስልም ብዙ ቀላል ነጠላ ጫማ ከሱ ይሠራል። ለኛ የሚመቸው ጥርስ ለጥርስ እየተገጣጠመ ወለል ላይ የሚነጠፈው የልጆች መጫወቻ ምንጣፍ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ውፍረቱ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ፊደልና ቁጥር የተቀረጸበትን ትንንሹን አትግዙ፤ ቀዳዳው ብዙ ነው፣ የሚተርፈው ጥቂት። ስትገዙ በጥፍራችሁ ጫን ብላችሁ ልቀቁት፤ ጉድጓዱ ወዲያው ከተመለሰ ጥሩ ነው። ከዚያ እጥፍ አድርጉት፤ ከተሰነጠቀ ለሻጩ መልሱለት። የፍራሽ ስፖንጅ አይሆንም፤ ቅርጽ አይዝም፣ ቀለም ይጠጣል። የዮጋ ምንጣፍም ቢሆን ብዙው ከፒቪሲ ስለሚሠራ ተዉት፤ ፒቪሲ ከልክ በላይ ሲሞቅ ጎጂ ጋዝ ያወጣል።

ቁመቱ 1 ሜትር ከ40 ለሆነው ልጅ ስምንት ትልልቅ ምንጣፍ በቃኝ፤ ለአዋቂ 12 ወይም 14 ያዙ። ለጌጡ 2 ሚሊ ሜትር የሆነውን ስስ ፎም ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር አሥር ቅጠል ገዛሁ። ከዚህ ሌላ ማስቲሽ፣ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ ከተር ከብዙ መለዋወጫ ምላጭ ጋር፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሰፊ ፕላስተር፣ የምግብ መጠቅለያ ስስ ላስቲክ፣ ወፍራም ካርቶን፣ ሦስት ወይም አራት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የልብስ ላስቲክ፣ ቬልክሮ፣ የሻንጣ ክሊፕና ቀለም ያስፈልጋል። የሙቅ አየር መንፊያ መሣሪያ ካላችሁ ግሩም ነው፤ ከሌላችሁ ከሠራተኛ ለአንድ ቀን ተዋሱ። የፀጉር ማድረቂያ ስሱን ፎም ያለሰልሳል እንጂ ለወፍራሙ አቅም የለውም።

አዲስ አበባ ያላችሁ ከሱቅ በፊት ምናለሽ ተራን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። የአሮጌ ሻንጣ ዘለበት፣ የከረጢት ማንገቻ፣ የተሰበረ የራዲዮ መያዣ፣ ለጌጥ የሚሆን የጠርሙስ ክዳን፤ እኔ የገዛሁት አዲስ ክሊፕ ከዚያ ካገኘሁት አሮጌ ቀድሞ ተሰብሯል።

ልኬትና ንድፍ

የሥራው ልብ እዚህ ነው፤ አትቸኩሉ።

ለባሹ በጥሩሩ ሥር የሚለብሰውን ጠባብ ልብስ ይልበስ። ከዚያ ላይ አሮጌ ቲሸርት አድርጉለትና ከአንገቱ ሥር እስከ ወገቡ በስስ ላስቲክ ጠቅልሉት፤ አታጥብቁ፤ በረጅሙ እንዲተነፍስ እያደረጋችሁ ጠቅልሉ። በላዩ ላይ ፕላስተር አጫጭር እየቆረጣችሁ ለጥፉ። ፕላስተሩን ሳትቆርጡ ዙሪያውን ከጠመጠማችሁት ያንቃል። ልጅ ከሆነ ከ20 ደቂቃ በላይ አይቆምም፤ የኔው በ12ኛው ደቂቃ ላይ ሽንቱ መጣበት። ስለዚህ ቀድሞ ይሂድ።

ፕላስተሩ ላይ በማርከር የመሃል መስመር አስምሩ፤ ከአንገት ጉድጓድ እስከ እምብርት። ከዚያ የጥሩሩን ጠርዝ ሳሉ። አንገቱ ዙሪያ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ተዉ። ብብቱ ላይ ከምታስቡት በላይ ጥለቅ አድርጋችሁ አውጡ፤ እጁን ደረቱ ላይ ሲያጣምር ጠርዙ ክንዱን መንካት የለበትም። የታችኛው ጫፍ ከእምብርት በታች አይውረድ። የመጀመሪያው ሥራዬን ያበላሸው ይኸው ነበር፤ እስከ ዳሌ ስላወረድኩት ልጁ ሲጎነብስ የሚሄድበት ቦታ አጣና ወደ አገጩ ሄደ። ከወገብ በታች ያለው በተለየ ቀበቶ ይሸፈናል።

አሁን አንዱን ጎን ጫፉ ደንዘዝ ባለ የፋሻ መቀስ ቁረጡና አውልቁት። የመሃሉን መስመር ተከትላችሁ ለሁለት ክፈሉና ደህና የወጣውን ግማሽ ብቻ ያዙ። የማንም ሰው ግራና ቀኝ እኩል ስላልሆነ አንዱን ግማሽ ገልብጦ መድገም ጥሩሩን ያስተካክለዋል። ግማሹን ጠረጴዛ ላይ ስትዘረጉት የሚነሳባችሁ፣ አልተኛም የሚል ቦታ ይኖራል። እዚያ ላይ ሰንጥቁት፤ ስንጥቁ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይከፈታል። ልብስ ሰፊ ወገብ ላይ የሚይዘው ማጥበቢያ ማለት ይህ ነው፤ በኋላ ጠርዝና ጠርዙ ሲጣበቅ ጠፍጣፋው ፎም ራሱ ደረት ይሆናል።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አለ። ፕላስተር ስስ ነው፤ ፎም ግን 10 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ሰውነት ላይ ሲዞር የፎሙ ውፍረት መሃል ከሰውነቱ ዙሪያ በ3.14 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ሁለት ጊዜ 3.14 ሲባዛ በግማሽ ሳንቲ ሜትር። ይህን ካልጨመራችሁ በካርቶን የገጠመው ሁሉ በፎም ይጠባል። ደረት ላይ ጭማሪውን ለፊትና ለኋላ አካፍሉት። ክንድና ባት ላይም ያው ሦስት ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሒሳቡ የሰውነቱን ስፋት አይጠይቅም፣ የፎሙን ውፍረት እንጂ።

ንድፉን ወደ ካርቶን አዛውሩ፤ ካርቶኑን በፕላስተር ገጣጥማችሁ አልብሱት። ከዚያ ሁለት እጁን ወደ ላይ ያንሳ፣ ራሱን ይቀፍ፣ ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ቁጢጥ ይበል፣ ኳስ ያንሳ። የሚወጋውን ቦታ በማርከር አክብቡና ቁረጡ። እንደገና አልብሱት። እኔ አራት ጊዜ ቆርጫለሁ። በካርቶን ላይ የምታጠፉት አንድ ሰዓት በፎም ላይ አንድ ሙሉ ምንጣፍ ያድናል።

ክንድና ባት ቀላል ነው፤ ባዶ ቱቦ ነው፤ ከእጅ አንጓ አካባቢ ጠበብ፣ ወደ ክርን ሰፋ ይላል። ከክርኑም ከጉልበቱም ከላይና ከታች አራት አራት ሳንቲ ሜትር ባዶ ይተዉ። የጉልበት ሎሚ የሚሸፍነው ክፍል ለብቻው ሆኖ ከባቱ ጋር በላስቲክ ይያያዝ። እግሩን ሲያጥፍ የምትሰሙት ድምፅ ካለ ገና ጠባብ ነው ማለት ነው።

መቁረጥ

ፎም ላይ ንድፉን ከማስቀመጣችሁ በፊት እያንዳንዱ ካርቶን ላይ «ግራ»፣ «ቀኝ»፣ «ላይ» ብላችሁ ጻፉ፤ በሚጣበቁት ሁለት ጠርዞች ላይም ፊት ለፊት ትንንሽ ሰረዝ አድርጉ። ምንጣፉ አንድ ወገኑ ሸካራ፣ አንድ ወገኑ ለስላሳ ነው፤ ለስላሳው ወደ ውጭ ይሁን። ሁለት ግራ እጅ የሠራሁበት ቀን ይህን ረስቼ ነው።

ፎም ምላጭ ይበላል። የሚያስገርም ነው እንጂ፣ ልስልስ ብሎ ሳለ ከወፍራም ቆዳ ባልተናነሰ ያደነዝዛል። ጠርዙ ጥርት ብሎ መውጣቱን ትቶ እንደ ዳቦ መፈርፈር ሲጀምር የምላጩን ጫፍ ስበሩና በአዲሱ ቀጥሉ። በአንድ ምት ለመቁረጥ አትጫኑ፤ መጀመሪያ ቀለል ባለ እጅ መስመሩን ተከተሉ፤ ሁለተኛው ምት ይጨርሰዋል። ምላጩ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ካዘነበለ ጠርዝ ለጠርዝ ሲገጥም ክፍተት ይፈጥራል። ሹል ማዕዘን በምትፈልጉበት ቦታ ብቻ ሆን ብላችሁ ሁለቱንም ጠርዝ በ45 ዲግሪ አዘንብሉ። ሌላኛው እጃችሁ ሁልጊዜ ከምላጩ ጀርባ ይሁን። ይህን ክፍል ለልጅ አትስጡ፤ ሰረዝ ማስመሩንና ስም መጻፉን ግን እሱ ይሥራው፤ የኔው ረዳት «የክፍለ ጦር አዛዥ ነኝ» እያለ ሁሉንም ቁጥር ሰጥቷቸዋል።

ማሞቅ

ፎም ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። መሣሪያውን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ፣ አንድ ቦታ ሳታቆሙ አንቀሳቅሱ። ድርቅ ያለው ገጽ መጀመሪያ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ልክ ቅቤ እንደ ነካው በስሱ ያብለጨልጫል። ያን ጊዜ ወዲያው በሁለት እጅ አንሱትና ጉልበታችሁ ላይ ወይም ድስት ላይ አጥፉት፤ እስኪቀዘቅዝ አንድ ደቂቃ ያህል ያዙ። ጓንት ልበሱ። ለክንድ ቱቦ ወፍራም ጠርሙስ፣ ለትከሻ የተገለበጠ ጎድጓዳ ሳህን፣ ለጋሻው እብጠት ደግሞ የእናቴን ሽሮ ድስት ተጠቅሜያለሁ። ድስቱ ምንም አልሆነም፤ እሷ ግን እስካሁን ታነሳብኛለች።

ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ሽታ ከመጣ ፎሙን እያቃጠላችሁት ነው፤ ራቁና መስኮት ክፈቱ። ሙቀቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ የፎሙን ጥቃቅን ቀዳዳ ይዘጋል። ስለዚህ ቅርጽ የማያስፈልገውን ጠፍጣፋ ክፍል እንኳ ገጹን አንድ ጊዜ አሙቁት። ሁሉንም ከማጣበቃችሁ በፊት አሙቁ። የተጣበቀ ስፌት ላይ ሙቀት ከሰደዳችሁ ይከፈታል።

ማጣበቅ

ሙቅ ኮላን ለካርቶን ተዉት። ሱፐር ግሉም ቶሎ ይይዛል፤ ግን እንደ ብርጭቆ ደረቅ ሆኖ ስለሚቀር ፎሙ ሲታጠፍ ይሰበራል። የሚሆነው ማስቲሽ ነው፤ ጫማ ሰፊዎች ሶል የሚያጣብቁበት።

ስለ ማስቲሽ ያወቅሁትን ሁሉ ያስተማሩኝ የሰፈራችን ጫማ ሰፊ ናቸው። የመጀመሪያውን ቀን ቀብቼ ወዲያው ስገጥም አይተው «ልጄ፣ ርጥቡን ምን ታጋጥመዋለህ? ይድረቅ እንጂ!» አሉኝ። ማስቲሽ ሲደርቅ ነው የሚይዘው። ሁለቱንም ጠርዝ በስሱ ቀቡ፤ ፎም ስለሚመጥ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ድገሙት። ከዚያ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ። በጣታችሁ ጀርባ ስትነኩት ከጣታችሁ ጋር ክር የማይስብ ከሆነ ደርሷል። ከአንዱ ጫፍ ጀምራችሁ፣ በሰረዞቹ እየተመራችሁ፣ ጠርዙን በጠርዙ ላይ ቀስ እያላችሁ አስቀምጡ። ሁለተኛ ዕድል የለም፤ አንዴ ከተነካካ አይላቀቅም። እሳቸው በመጨረሻ በመዶሻ ቀለል ቀለል አድርገው ይመቱታል፤ እኔ በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ። ከ24 ሰዓት በፊት አታልብሱት።

የማስቲሽ ሽታ ጤና ይጎዳል፤ እሳትም በቶሎ ይይዛል። ደጅ ሥሩ፤ ቢያንስ በርና መስኮት ከፍታችሁ። ከሰል ተያይዞ ቡና በሚፈላበት ቤት ቆርቆሮውን አትክፈቱት፤ ሲጋራ ከሚያጨስ ሰው አጠገብም። ልጅ በአካባቢው አይኑር። ስትጨርሱ ክዳኑን ግጠሙና ልጅ የማይደርስበት ቦታ አኑሩት።

ጌጡ

ትልልቁ ሥራ ካለቀ በኋላ ያለው ደስ የሚል ነው። ጋሻውን ከ22 ሳንቲ ሜትር ክብ ፎም አወጣሁት፤ በድስቱ ላይ አሳበጥኩት፤ መሃሉ ላይ ከጠርሙስ ክዳን እምብርት ሠራሁለት። ከእምብርቱ ወደ ዳር የሚወጡትን የብር ጌጦች ከስሱ ፎም አንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት አድርጌ ቆርጬ ለጠፍኩ፤ ስምንት ናቸው። ጥሩሩ ላይ የምታዩት መስመር ሁሉ ግን የተለጠፈ መሆን የለበትም። ፎሙን በምላጭ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ጫር አድርጋችሁ መስመሩን ብታሞቁት ይከፈትና ሁለት ብረት የተጋጠመበት ቦታ ይመስላል። ከሁሉም የሚበልጥ ዘዴ ነው፤ ዋጋውም ዜሮ።

ለለምዱ ቃጫ ገዛሁ። በቡና አተላ ቀቅዬ ቡናማ አደረግሁት፤ በጨርቅ ጥብጣብ ላይ እየሰፋሁ ትከሻው ሥር ለጠፍኩት። ቃጫ እሳት እንደሚወድ አስታውሱ፤ የልደት ሻማ ካለ ቀድማችሁ አውልቁለት።

መድፈንና ቀለም

ስፌቶቹ ላይ ክፍተት ካለ ቀለም የሚቀበል አክሪሊክ መድፈኛ በረጠበ ጣት አስገብታችሁ አስተካክሉ። ሲሊኮን አይሁን፤ ቀለም አይዝበትም። የግድግዳ ስቱኮም አይሁን፤ ፎሙ ሲታጠፍ ተሰንጥቆ ይራገፋል።

ፎም ላይ ቀለም በቀጥታ ከቀባችሁ ይጠጣዋል፤ ሲታጠፍም ይላጣል። ነጭ የእንጨት ኮላ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ በብሩሽ አራት ጊዜ በስሱ ቀቡ፤ በየመሃሉ እስኪደርቅ ጠብቁ። ወፍራም አድርጋችሁ በአንድ ጊዜ ለመጨረስ ከሞከራችሁ ይሰነጠቃል። ውጭ አገር ያላችሁ ፕላስቲ ዲፕ የሚባለውን የሚረጭ ጎማ ታገኛላችሁ፤ እሱ ከኮላው ይሻላል፤ ከፎሙ ጋር ይታጠፋል።

ከዚያ ሁሉንም ጥቁር ቀቡት። የብር ቀለም በነጭ ላይ ሲቀባ የአሉሚኒየም ድስት ይመስላል፤ በጥቁር ላይ ግን ብረት ይሆናል። ስፕሬይ ከሆነ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ፣ ነፋስ በሌለበት ደጅ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ሦስት ጊዜ በስሱ ርጩ። ክረምት ላይ ከሆናችሁ ፀሐይ የወጣበትን ጠዋት ጠብቁ። የመጨረሻው እርምጃ አዲሱን ማሮጀት ነው፤ ጥቁር አክሪሊክ ቀለም በውሃ አቅጥናችሁ ጉድጓዶቹ ውስጥ አስገቡና ሳይደርቅ ከላይ በጨርቅ ጥረጉት። ከዚያ ደረቅ ብሩሽ የብር ቀለም አስነክታችሁ፣ አብዛኛውን ወረቀት ላይ አራግፋችሁ፣ ጠርዙን ብቻ ዳሰስ ዳሰስ አድርጉ። ሰው እየነካ «ብረት ነው?» የሚላችሁ እዚህ ላይ ነው።

የደረት መብራት

የጋሻው እምብርት እንዲበራ ከፈለጋችሁ ቀላሉ መንገድ ሁለት የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ ነው። እያንዳንዱ 1.5 ቮልት ስለሆነ ተከታትለው ሲቀጠሉ 3 ቮልት ይሰጣሉ፤ ነጭ ኤልኢዲ አምፖል የሚፈልገውም ወደዚያው ነው። የድንጋይ መያዣ ሳጥኑ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ይሁንና ከጀርባ ጥሩሩ ውስጥ፣ ትከሻ መሃል አስቀምጡት። ዘጠኝ ቮልቱን ድንጋይ ከመረጣችሁ 330 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን የሚገታ ትንሽ ዕቃ) ካላስገባችሁ አምፖሉ ወዲያው ይቃጠላል። ብርሃኑ እንዲለሰልስ ከነጭ የወተት ፕላስቲክ ክብ ቆርጣችሁ ከፊቱ አድርጉ። ታናናሽ ልጆች ባሉበት ቤት የሳንቲም ቅርጽ ያለውን ትንሽ ድንጋይ አትጠቀሙ፤ ከተዋጠ ጉሮሮን በጥቂት ሰዓት ያቃጥላል።

ማሰሪያ

የአውሮፓ ባላባቶች ሙሉ የብረት ጥሩር ከ15 እስከ 25 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ሆኖም ክብደቱ በመላው ሰውነት ላይ ስለሚከፋፈል ፈረስ ላይ ይወጡበት፣ ይሮጡበትም ነበር። የኛ ፎም ሁለት ኪሎም አይሞላ፤ ዘዴው ግን ያው ነው። ምንም ክፍል ሌላው ላይ ተጣብቆ አይቁም፤ ሁሉም ይንጠልጠል።

የደረትና የጀርባ ጥሩር ትከሻ ላይ በሁለት ሰፊ ማንገቻ፣ ጎን ላይ በላስቲክና በሻንጣ ክሊፕ ይገናኝ። ጎኑን ሙሉ በሙሉ አትዝጉት፤ ሦስት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ለትንፋሽ ይሁን። የትከሻው ጥሩር ከማንገቻው ላይ በአጭር ላስቲክ ይንጠልጠል፤ ሌላ ላስቲክ ደግሞ ክንዱን ይዙር። እጅ ሲነሳ ትከሻው አብሮ ይነሳል፣ ሲወርድም ይወርዳል። የጭኑ ክፍል ከቀበቶው ላይ ይንጠልጠል፤ አለበለዚያ በየአምስት እርምጃው ይንሸራተታል። ራሱ የሚለጠፈውን ቬልክሮ አትመኑት፤ ላብ ሲነካው ይላቀቃል። ቬልክሮውን ላስቲኩ ላይ ስፉት፤ ላስቲኩን በማስቲሽ ፎሙ ላይ አጣብቁና ከላዩ የጨርቅ ቁራጭ ለጥፉበት።

ክሊፖቹ በሙሉ ለባሹ ራሱ በእጁ የሚደርስባቸው ቦታ ይሁኑ። ልጅ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ አጎቱን አይጠራም።

የራስ ቁር

ምክሬ ፊቱን አትሸፍኑ ነው። ፊትን የሚዘጋ የራስ ቁር ውስጡ ይሞቃል፣ በእስትንፋስ ይጋረዳል፣ ደረጃ ላይ እግርን አያሳይም። የኛው ከግንባር እስከ ማጅራት የሚሄድ አንድ የመሃል ቁራጭና ሁለት የጎን ቁራጮች ብቻ ነው። ራሱን እንደ ደረቱ በስስ ላስቲክና በፕላስተር ሸፍናችሁ፣ ፊቱን ሙሉ ክፍት ትታችሁ፣ ንድፉን አውጡ፤ ጆሮው ላይ ቀዳዳ ይኑር። ሲጣበቅ ሰፋ ያለ ይምሰላችሁ፤ ውስጡን በስፖንጅ ቁራጭ ታጠብቡታላችሁ። ይህ ለጨዋታ ነው፤ ብስክሌት ላይ እንደ መከላከያ አይቆጠር።

ሲለበስ

ከታች ወደ ላይ ነው፦ ጫማ፣ ባት፣ ጉልበት፣ ጭን፣ ቀበቶ፣ ደረትና ጀርባ፣ ትከሻ፣ ክንድ፣ በመጨረሻ የራስ ቁር። ክንዱን ቀድሞ ከለበሰ የባቱን ማሰሪያ ጎንበስ ብሎ ማሰር ያቅተዋል። በሥሩ ላብን ወደ ውጭ የሚያሳልፍ ስስ ጥቁር የስፖርት ልብስ ይልበስ፤ ፎም አየር አያሳልፍም፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ላብ ይጠምቃል። ውሃ ያዙለት፤ በየግማሽ ሰዓቱ የራስ ቁሩን ያውልቅ። ወደ በዓሉ ቦታ ስትሄዱ ማስቲሽ፣ ፕላስተር፣ መርፌና ክር፣ ሁለት ትርፍ ክሊፕ በከረጢት ያዙ። መኪና ውስጥ በፀሐይ አትተዉት፤ ቅርጹን ይለቃል። ውስጡን እርጥብ ጨርቅ ላይ ትንሽ ሳሙና አድርጋችሁ ጥረጉ፣ ጥላ ላይ አድርቁ፤ ሳይደርቅ ካጠፋችሁት ይሸታል።

ልጁ አሁን ስድስት ሳንቲ ሜትር አድጓል። የጎኑን ላስቲክ አርዝሜለት ደረቱ እስካሁን ይገጥማል፤ ባቱን ግን ከኋላ ሰንጥቄ ሦስት ጣት የሚያህል ፎም ጨመርኩበት። ካርቶኖቹን ከነቁጥራቸው አልጋዬ ሥር አስቀምጫለሁ። ታናሽ እህቱ «የኔ ክንፍ ይኑረው» ብላኛለች።